ገዳዩ ስላልተያዘ መጽሐፉ ወደቀ?

የተከበሩ አዘጋጅ፣

በመጻሕፍት ዓምዳችሁ ወንጀል ነክ ልብ ወለዶች ሲተቹ አንድ ልማድ አለ። ሐያሲው ሴራውን ሲያሞግስ ይቆይና ገዳዩ ሳይያዝ ወይም መርማሪው ተሸንፎ ካለቀ «አጨራረሱ አበላሸው» ብሎ ይዘጋዋል። አበላሸው ወይስ አሳዘነው? ሁለቱ ለየቅል ናቸው።

መጨረሻ ፍርድን ለምን እንደሚጎትት የታወቀ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካነማንና ባልደረቦቹ በ1993 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሙከራ ሰዎች አንድ እጃቸውን በ14 ዲግሪ ቀዝቃዛ ውሃ ለ60 ሰከንድ ነከሩ። ሌላውን እጃቸውን ደግሞ እንዲሁ 60 ሰከንድ ካቆዩት በኋላ ውሃው ቀስ እያለ 15 ዲግሪ እስኪደርስ 30 ሰከንድ ጨመሩ። (ለደብረ ብርሃን ሰው ሁለቱም ለብ ያሉ ናቸው፤ ይሁን።) የትኛውን ትደግማላችሁ ሲባሉ አብዛኞቹ ረጅሙን መረጡ፤ ሥቃዩ ቢበዛም መጨረሻው ለዘብ ስላለ። መጽሐፍም ላይ አሥር ገጽ ሌላውን 290 ገጽ ይውጠዋል። ስለዚህ ትችት መጽሐፉ በተከደነበት ሌሊት አይጻፍ። ሁለት ሦስት ቀን ይደርና የመጀመሪያዎቹ 30 ገጾች እንደገና ይነበቡ፤ መጨረሻው እዚያ ተዘርቶ እንደሆነ ይታይ።

የስዊሱ ደራሲ ፍሪድሪኽ ዱሬንማት በ1958 እ.ኤ.አ. ለፊልም በጻፈው ታሪክ መርማሪው ይሳካለታል። አልዋጥ ቢለው በዚያው ዓመት «ቃል ኪዳን» ብሎ ልብ ወለድ አድርጎ መልሶ ጻፈው። እዚህ ወጥመዱ በትክክል ተጠምዷል፤ ገዳዩ ግን ወደ ወጥመዱ ሲመጣ በመኪና አደጋ ይሞታል። መርማሪው ይህን ሳያውቅ ዓመታት ሲጠብቅ በመጠጥ ያልቃል። ጭካኔ ነው። ነገር ግን ያንን የፈረሰ ሰው አንድ ነዳጅ ማደያ ደጃፍ ተቀምጦ የምናገኘው ገና በመግቢያው ነው። የገዳዩም ነገር በአንዲት አሮጊት ኑዛዜ ይወጣል። አንባቢው ማን እንደገደለ፣ መርማሪውም ልክ እንደነበረ አውቆ ይጨርሳል፤ የጎደለው ድል ብቻ ነው።

ብልሽት ማለት ሌላ ነው። ገጽ 280 ላይ ከየት መጣ ሳይባል ጉቦኛ ዳኛ ይገባል። ወይም ሙሉውን መጽሐፍ ብልህ የነበረ መርማሪ ሽጉጡን መኪና ውስጥ ትቶ ብቻውን ጨለማ ቤት ይገባል። ዳኛው የሚያስፈልግ ከሆነ እስከ ገጽ 75 ባለው ውስጥ በሌላ ተራ ጉዳይ ይታይ፤ መሐል ላይ አንዴ ይመለስ። የመጨረሻው ዱላ ካረፈ በኋላም ከሦስት እስከ አምስት ገጽ ይተው። እዚያው መስመር ላይ ካለቀ አንባቢ ገጽ የተቀደደ መስሎት ጥራዙን ይፈትሻል፤ አሥር ገጽ ከሆነ ደግሞ ስብከት ይሆናል።

ለእኛ አገር ደራሲ የተዘጋጀ አንድ መጨረሻ አለ፤ የድሮው አፈርሳታ። አገሬው ይሰበሰባል፣ ወንጀለኛው እስኪወጣ አይለቀቅም፤ ካልወጣ ዕዳው በሁሉም ላይ ይጣላል። የመንዝ ወይም የምንጃር ታሪክ በዚያ ቢያልቅ ማን ይከፋዋል? ዕዳው እንዳለ ከመጀመሪያው ስብሰባ ይነገር እንጂ።

«የኛ አንባቢ ሐዘን አይወድም» የሚሉም አሉ። በእኛው 1958 ዓ.ም. የወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» እርግጥ የወንጀል ልብ ወለድ አይደለም። ግን መጨረሻው ሽፋኑ ላይ ተጽፎ እያለ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አገር ቁጭ ብሎ አዳምጧል።

ሐያሲዎቻችሁ መጨረሻው ጨለማ መሆኑን ይንገሩን፤ ቀድሞ ተዘርቶ እንደሆነም ይጻፉ። ማን እንደሚሞት ግን ለራሳቸው ይያዙት።

አንባቢያችሁ፣
ከደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ