ጉዳዩ፦ ቃል የተገባልኝ የመክፈቻ ቁልፍ ሳይሰጠኝ ቅሬታዬ ስለመዘጋቱ

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል ኃላፊ

የጥገናና የድጋፍ ውል የገባችሁልኝ ኮምፒውተር የደህንነት አፕዴት ከተጫነበት ዕለት ጀምሮ አልነሳ ብሎ የተቆለፈውን ዲስክ የሚከፍት ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ መጠየቁን፣ በዚሁ ጉዳይ 6 ጊዜ መደወሌንና 3 የተለያዩ የቅሬታ ቁጥሮች የተሰጡኝ መሆኑን መዝገባችሁ ስለሚያሳይ ነገሩን ከሥሩ አልደግምም። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ ባለፈው ሐሙስ የተፈጸመብኝ ነው፤ እሱን ግን ሳላስቀር ማስረዳት እፈልጋለሁ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የድጋፍ ክፍላችሁ ተቆጣጣሪ መሆናቸውን የገለጹ ሰው ደወሉልኝ። ስክሪኑ ላይ ከሚታየው የቁልፍ መለያ የመጀመሪያዎቹን 8 ፊደላትና ቁጥሮች እንዳነብላቸው ጠየቁኝ፤ አነበብሁላቸው፤ እሳቸውም መልሰው አነበቡልኝ፤ አንድም ስህተት አልነበረበትም። ከዚያም «ቁልፉ እኛ ዘንድ ተመዝግቦ ይገኛል፣ አይጨነቁ። ነገ ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ደውለን 48ቱንም አሃዝ እናነብልዎታለን፤ እርስዎ ብቻ ከኮምፒውተሩ አጠገብ አይጥፉ» አሉኝ። ለምን ያኔውኑ እንደማይነበብልኝ ስጠይቅ የኃላፊ ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ነገሩኝ። እንዲህ ያለ ቁልፍ ለማንም ደዋይ እንደማይሰጥ ስለምረዳ፣ ማንነቴንም ለማረጋገጥ የተጠየቅሁትን ሁሉ አሟልቼ ስለነበር፣ አመስግኜ ተሰናበትኋቸው።

ሐሙስ ጠዋት ከ2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ጠረጴዛዬ ላይ ነበርሁ። ኮምፒውተሩን ሳበራው እንደ ወትሮው ቁልፉን እንዳስገባ የሚጠይቀው ሰማያዊ ገጽ መጣ። ሲነበብልኝ እንዳልሳሳት ወረቀት ላይ 8 ሳጥን ሠርቼ፣ በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ለ6 አሃዝ የሚሆን ሰረዝ አሰመርሁ። የስልኬን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌ ቻርጀር ላይ ሰካሁት። 5 ሰዓት ሆነ፤ አልተደወለም። ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል ብዬ እስከ 6 ሰዓት ተኩል ጠበቅሁ። 7 ሰዓት ከ10 ላይ ስልኬ ጮኸ። ጥሪ አልነበረም፤ እንዲህ የሚል አጭር መልእክት ነበር፦ «ደንበኛውን በስልክ ማግኘት ባለመቻላችን ጉዳዩ ተዘግቷል። ስለተጠቀሙን እናመሰግናለን።»

የስልኬ የጥሪ ዝርዝር በዚያን ዕለት ጠዋት የገባ ጥሪ አያሳይም፤ ያመለጠም የለም፣ የተቋረጠም የለም። የዝርዝሩን ፎቶ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ዘግይተን ነው፣ ረስተን ነው፣ ፈቃዱ አልደረሰልንም ብትሉኝ ኖሮ ቅር ብሰኝም እቀበል ነበር። ያልተደወለን ጥሪ እንደተደወለ፣ ከስፍራው ያልተነቃነቀን ሰው እንደጠፋ አድርጎ መመዝገብን ግን ልቀበለው አልችልም።

ወዲያውኑ ደወልሁ። 25 ደቂቃ ያህል ከጠበቅሁ በኋላ ያነሱት ሠራተኛ ተቆጣጣሪው እንደሌሉ ነግረውኝ፣ ጉዳዩን ከመጀመሪያው እንዳስረዳ ጠየቁኝ። አስረዳሁ። ሠራተኛው ሳያስጨርሱኝ «ቆይ፣ መጀመሪያውኑ አፕዴቱን ጫን ያለህ ማን ነው?» አሉኝ። እኔ እስከዚያ ድረስ «እርስዎ» እያልሁ ስናገር ነበር፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን አልተውሁም። አፕዴቱ የተጫነው በራሱ እንደሆነ፣ እንዲያ እንዲሆን ያስተካከለውም የራሳችሁ ቴክኒሻን መሆኑን ስነግራቸው «እንግዲህ ሪሴት አድርገውና ይነሳልሃል» ብለው ስልኩን ዘጉት። ዕድሜዬንና ማንነቴን በማያውቅ ሰው «አንተ» መባሌ አሳዝኖኛል፤ ከዚያ በላይ ያሳዘነኝ ግን ምክሩ ነው።

ሁሉንም አጥፍቶ ሪሴት ማድረግ ማለት የሁለት ዓመት የትርጉም ሥራዬን ከኮምፒውተሩ ላይ ማጥፋት ማለት ነው። የመጨረሻው ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ከተያዘ 3 ሳምንት አልፎታል፤ በእነዚያ 3 ሳምንታት የሠራሁት ሌላ ቦታ የለም። ፋይሎችን አስቀርቶ ሪሴት ማድረግ የሚለውን አማራጭ ደግሞ ሞክሬዋለሁ፤ እሱም የሚጠይቀው ያንኑ ቁልፍ ነው። ከእሳቸው በፊት ያነጋገሩኝ ባልደረቦቻችሁ የሰጡኝም ምክር ከዚህ የራቀ አልነበረም። አንደኛው በሴፍ ሞድ፣ ማለትም በውስን አነሳስ፣ አስነሳው አሉኝ፤ ቁልፍ ጠየቀኝ። ሌላዋ የመጨረሻውን አፕዴት ከጥገናው ገጽ ላይ አንሳው አሉኝ፤ ቁልፍ ጠየቀኝ። ሦስተኛው ባዮስ (የኮምፒውተሩ መሠረታዊ የአነሳስ ማስተካከያ) ውስጥ ገብቼ ሴኪዩር ቡት የሚለውን የአነሳስ መጠበቂያ እንዳጠፋ መከሩኝ፤ ይህ ግን ራሱ ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ ፕሮግራም) ቁልፍ እንዲጠይቅ ከሚያደርጉት ለውጦች አንዱ ስለሆነ አልነካሁትም። ስክሪኑ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ያም ነገር በእናንተ እጅ ነው።

በእናንተ እጅ ነው ያልሁበት ምክንያት ይህ ነው። ዲስኩ በቢትሎከር እንዲቆለፍ ያደረገው ኮምፒውተሩን ሲያስረክበኝ የነበረው ቴክኒሻናችሁ ነው፤ ቁልፉም የተመዘገበው በድርጅታችሁ የአስተዳዳሪ አካውንት ሥር ነው። በርክክቡ ወረቀት ላይ ስለ መቆለፉ አንድ ቃል አልተጻፈም፤ የቁልፉ ቅጂም አልተሰጠኝም። በግል አካውንቴ ብፈልገውም አላገኘሁትም። ስለዚህ የምለምነው ውለታ የለም፤ የምጠይቀው የራሴን ነው።

ችግሩ አዲስ ነው፣ ሠራተኞቻችን አያውቁትም ልትሉም አትችሉም። ቢትሎከር ቁልፉን የሚጠይቀው በማዘርቦርዱ ላይ ያለው የደህንነት ቺፕ የኮምፒውተሩ አነሳስ ከቀድሞው መለወጡን ሲያይ ነው፤ ዲስኩ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 የወጣው የዊንዶውስ የደህንነት አፕዴት አንዳንድ ኮምፒውተሮችን በዚሁ ሰማያዊ ገጽ ላይ እንዳስቆመ፣ ማስተካከያውም በኦገስት 13 እንደወጣ በይፋ ተነግሯል። በዚያው በጁላይ ወር በ19ኛው ቀን በሌላ የደህንነት ሶፍትዌር ስህተት 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተሮች አንነሳም ሲሉ፣ ዲስካቸው የተቆለፈባቸውን ለማስነሳት ባለሙያዎች በየመሥሪያ ቤቱ ቁልፍ ፈልገው ሲያስገቡ ነው የዋሉት። ለእኔ የሚያስፈልገው የአንድ ኮምፒውተር ቁልፍ ነው፤ ለማንበብ 2 ደቂቃ አይፈጅም።

ነገሩ እዚህ ከደረሰ ዘንድ እስካሁን በትዕግሥት ያለፍሁትንም ልጥቀስ። ስደውል በየጊዜው አዲስ የቅሬታ ቁጥር ይከፈትልኛል፤ የቀደመውን የሚያነብ ግን አይገኝም። የስክሪኑን ፎቶ 2 ጊዜ በኢሜይል ልኬ 2 ጊዜም «ፎቶ ይላኩልን» የሚል መልስ ደርሶኛል። ባለፈው ዓመት ኪቦርዱ ሲበላሽ በ3 ቀን ይመለሳል የተባለው ኮምፒውተር በ19ኛው ቀን ነው የተመለሰልኝ፤ ያኔ ዝም ብያለሁ። ዝምታዬ እንደ ስምምነት የተቆጠረ ይመስለኛል።

በመሆኑም 48 አሃዙ ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ2 የሥራ ቀናት ውስጥ በስልክ እንዲነበብልኝና በጽሑፍም እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። «ደንበኛውን ማግኘት አልተቻለም» የሚለው ማስታወሻ ከመዝገቤ ላይ ተሰርዞ እውነተኛው ምክንያት እንዲጻፍ፣ ያን ዕለት ያነጋገሩኝ ሠራተኛም ሆኑ ቃል የገቡልኝ ተቆጣጣሪ በጽሑፍ ይቅርታ እንዲጠይቁኝ እፈልጋለሁ። ኮምፒውተሩ ከሥራ ውጭ ለሆነባቸው ቀናት የከፈልሁት የአገልግሎት ክፍያም ይመለስልኝ። ሁለቱ ቀናት ያለ መልስ ካለፉ ውሌን አቋርጬ የቀረውን የውል ዘመን ክፍያ በሙሉ እጠይቃለሁ፤ ጉዳዩንም ለሸማቾች ጥበቃ አካል አቀርባለሁ። ፋይሎቼ በእናንተ ምክር ወይም በእናንተ እጅ ከጠፉ ደግሞ ኃላፊነቱን በሕግ እጠይቃለሁ።

ይህን ያህል ማስጠንቀቂያ መጻፍ ልማዴ አይደለም። የምፈልገው ኮምፒውተሩ ተነስቶ ወደ ሥራዬ መመለስ ነው። የቁልፉ መለያ አሁንም በስክሪኑ ላይ ይታያል፤ ከፎቶው ጋር እንደገና ልኬዋለሁ። 8ቱ ሳጥኖች የተሠሩበት ወረቀትም ጠረጴዛዬ ላይ ነው። በተመዘገበው ስልኬ ደውሉልኝ፤ ከነገ ጠዋት 3 ሰዓት ጀምሮ ከኮምፒውተሩ አጠገብ እገኛለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የውል ደንበኛችሁ