ሞዴል 19 አልቆርጥም ላለ ሠራተኛ ጥበቃው የት ነው?

ለፍትሕ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ
ግልባጭ፦ ለፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን

ጉዳዩ፦ በመንግሥት ንብረት ላይ የሚፈጸምን ማጭበርበር ለሚጠቁሙ ሠራተኞች ጥበቃ ስለመጠየቅ

ይህን የምጽፈው ከጅማ ነው። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛነት ለዓመታት አገልግያለሁ። አንድ ቀን 160 ኩንታል ሲሚንቶ በፊቴ ተራግፎ ሳለ፣ ቀሪው ነገ ይገባል በሚል የ200 ኩንታል ሞዴል 19፣ ማለትም ዕቃው ግምጃ ቤት መግባቱን የሚያረጋግጠውን ደረሰኝ፣ እንድቆርጥ ታዘዝኩና እምቢ አልኩ። በማግሥቱ ስሜን ሳልጠቅስ ነገሩን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ኮሪደሩ ላይ በተሰቀለው የሐሳብ መስጫ ሣጥን ከተትኩ። በሳምንቱ ስጠራ ወረቀቴ በኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግታ፣ ከጎኗም በእጄ የሞላሁት ቢን ካርድ (የዕቃ ገቢና ወጪ መመዝገቢያ) ተቀምጦ አገኘሁ። የሣጥኑ ቁልፍ ከጸሐፊዋ መሳቢያ እንደሚውል የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ማንም አልዛተብኝም፤ ከወር በኋላ ግን «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» ከከተማ ርቆ ወደሚገኝ ጣቢያ ተዛወርኩ።

የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003ን ያነበብኩት ከዚያ ወዲህ ነው። የጠቋሚን ማንነት መደበቅን፣ የመኖሪያ ቦታ መቀየርን፣ ከክስ ነፃ ማድረግን ጭምር የያዘ መልካም ሕግ ነው። ሆኖም ተፈጻሚ የሚሆነው ወንጀሉ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እሥራት ወይም ሞት የሚያስቀጣ ሲሆን፣ ያለ ጠቋሚው ቃል በሌላ መንገድ ሊረጋገጥ የማይችል ከሆነና በእሱ ወይም በቤተሰቡ ሕይወት፣ አካል፣ ነፃነት ወይም ንብረት ላይ ከባድ አደጋ ይደርሳል ተብሎ ሲታመን ነው። የአርባ ኩንታል ሲሚንቶ ጠቋሚ በዚህ ወንፊት ያልፋል ብዬ አላምንም። እኔን በጨለማ የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም፤ የፈራሁት ማኅተም ያረፈበት የዝውውር ደብዳቤ ነው።

ለመሥሪያ ቤቱ የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍል ለምን አላመለከትክም ትሉኝ ይሆናል። ክፍሉ ተጠሪነቱ ለዚያው ኃላፊ ስለነበረ፣ ማመልከቱ ኃላፊውን ለራሱ ከመክሰስ አይለይም። የእጅ ጽሑፌ እንዳይታወቅ በኮምፒውተር ላስጽፍ ብል ደግሞ በከተማችን መርካቶ ጽሕፈት የምትሠራው የጎረቤቴ ልጅ ናት።

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1863፣ በእርስ በርስ ጦርነታቸው ወቅት፣ ለሠራዊቱ ዕቃ እያቀረቡ የሚያጭበረብሩ ነጋዴዎችን ለመያዝ ባወጡት ሕግ፣ ዛሬ ክሱ የተሳካለት ጠቋሚ መንግሥት ካስመለሰው ገንዘብ በአብዛኛው ከ15 እስከ 30 በመቶ ያገኛል፤ አቤቱታውም መጀመሪያ ቢያንስ ለ60 ቀናት በምሥጢር ይያዛል። እኔ ድርሻ አልጠየቅኩም፤ ምሥጢሩ ብቻ ይበቃኝ ነበር።

ስለዚህ ጥቆማ የሚቀበለው ሰው ከተጠቆመው መሥሪያ ቤት ውጭ ይሁን። ጠቋሚው በአፋን ኦሮሞም ሆነ በአማርኛ አመልክቶ፣ ስሙን ሳይሰጥ ጉዳዩን የሚከታተልበት ቁጥር ይሰጠው። ከጥቆማው በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ቢዛወር ወይም ከደረጃው ዝቅ ቢል፣ እርምጃው ከጥቆማው ጋር እንደማይገናኝ የማስረዳቱ ሸክም በኃላፊው ላይ ይውደቅ።

የ200 ኩንታሉን ሞዴል 19 በኋላ በእኔ ቦታ የተተካው ልጅ ቆርጦታል። ቤተሰብ የሚያስተዳድር፣ ቅጥሩም ገና የሙከራ ጊዜውን ያልጨረሰ ነበር። ዛሬ እውነቱን ልናገር ቢል ምስክርም ተከሳሽም ሊሆን ይችላል። አዋጁ ከክስ ነፃ የሚሆንበትን መንገድ ስላስቀመጠ፣ ጅማ ውስጥ የትኛውን በር አንኳኩቶ ይህን እንደሚጠይቅ ሚኒስቴሩ በይፋ እንዲያሳውቅልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የቀድሞ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ፣ ጅማ