ቁልፉ እኔ ጋ ነው

ሚጢዬ፣

ቴሌግራም ላይ ልጽፍልሽ ጀምሬ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። እንደ ድሮው ቁጭ ብዬ ደብዳቤ ልጻፍ ብዬ ነው። ከረዘመብሽ ሻይሽን ይዘሽ አንብቢው።

በእማዬ ሠልስት ማግስት ያልሽው ነገር ከጆሮዬ አልወጣም። ሳህን እያጠብሽ ነበር። ለእኔም አይደለም የተናገርሽው፣ ለአክስትሽ ነው። "እማማ ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው ስትሮጥ ኖራ ምን አገኘች? አንድ የቀበሌ ቤት፤ እሱም ፈረሰ።" አክስትሽ ደነገጠች። እኔ ግን አልተቆጣሁም። እኔም በ15 ዓመቴ ይህንኑ ብያለሁ፤ ያውም ፊቷ ቆሜ፣ ያውም በባሰ አፍ።

የአስተማሪ ልጅ መሆን ምን እንደሆነ አንቺ አታውቂውም። አራተኛ ክፍል ያስተማረችኝ እሷ ናት። ክፍል ውስጥ "እማዬ" ማለት ክልክል ነው፣ "ቲቸር" ነው የምላት። አንድ ቀን አምልጦኝ እማዬ ስላት ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች፤ የደበረኝ እሱ ነው። የቃል ጽሕፈት ላይ ደግሞ ለሌላው ልጅ የምታልፈውን ለእኔ አታልፍም፤ "ሰ" እና "ሠ" አቀያይሬ ስንት ማርክ እንደቀነሰችብኝ ቤት ውስጥ ተርኬያት አላውቅም፣ ምክንያቱም ቤት የለችም። ሰኞና ሐሙስ ማታ መሠረተ ትምህርት። ረቡዕ የጸሎት ፕሮግራም። ቅዳሜ የሕፃናት መዝሙር። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ እድር። ራቴ ክዳን ተደፍቶበት ይጠብቀኛል፣ በረዶ ሆኖ።

ይሄ ነገር ከየት መጣ ካልሽ፣ ከነቀምቴ ነው የመጣው። የእሷ እናት ፊደል የቆጠረችው አናሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ገኖ ጋር ደክመው በ1891 ካሳተሙት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። በግዕዝ ፊደል ነው የታተመው፣ ስለዚህ እማዬ አዲስ አበባ ስትመጣ አማርኛው ላይ ብዙም አልተቸገረችም፤ ንግግሯ ላይ ግን እስከ መጨረሻው ወለጋ ነበረች፣ ስትናደድ በተለይ። በ1950ዎቹ ቤተ ክርስቲያናችን መካነ ኢየሱስ የምሥራች ድምፅ የሚባለውን የማንበብና የመጻፍ ዘመቻ ስትጀምር እሷ ገና ልጃገረድ ናት። ጠመኔ ይዛ ከእሷ በዕድሜ እጥፍ የሆኑ ሰዎችን ታስተምር ነበር። በ1959 መምህር ሆና አዲስ አበባ ገባች፣ ካዛንቺስ ተከራየች፣ ዑራኤል መካነ ኢየሱስ መሄድ ጀመረች። ከዚያ ወዲያ ያለው ታሪኳ ከእነዚህ ሦስት ሰፈሮች ብዙም አይርቅም፦ ካዛንቺስ፣ ዑራኤል፣ አንዳንዴ ለደመወዝ ጉዳይ አራት ኪሎ።

"ምን ማለት ነው?" የምትለውንስ ታስታውሺያለሽ? አንቺንም ስንቴ አድርቃሻለች። እኔ የአስተማሪነት ዓመል ይመስለኝ ነበር። ለካ ከሉተር ነው፣ መካነ ኢየሱስ ትምህርቱን ከምትከተለው ጀርመናዊ። ሉተር በየገጠሩ ያሉትን አጥቢያዎች ዞሮ ሲያይ፣ ሕዝቡ ቀርቶ ቀሳውስቱ እንኳ አባታችን ሆይን በቅጡ የማያውቁ ሆነው አገኛቸው። በዚያ ተበሳጭቶ እ.ኤ.አ. በ1529 አባወራ ቤተሰቡን የሚያስተምርበት ትንሽ ካቴኪዝም ጻፈ። አንድ ትእዛዝ ይመጣል፣ ቀጥሎ "ይህ ምን ማለት ነው?" ይላል፣ ከዚያ መልሱ። እማዬ የምታስተምራቸው ልጆች መልሱን በቃላቸው ሸምድደው ሲመጡ ደስ አይላትም ነበር። "ይሄ የሉተር ነው፣ ያንተውን ንገረኝ" ትላለች። የሒሳብ ክፍለ ጊዜም ላይ ያው ነው። ሰባት ሲባዛ ስምንት ሃምሳ ስድስት ስትያት፣ "ምን ማለት ነው?"

አሁን ወደ ሐምሌ 1971 ልውሰድሽ። ያን ጊዜ ሰባት ዓመቴ ነው። በወሩ መጀመሪያ ደርግ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻን በመላ አገሪቱ አወጀ። እማዬም ለቀበሌያችን አዳራሽ አስተማሪ ሆና ተመዘገበች፣ ማንም ሳያስገድዳት። በዚያው ወር በ21፣ ቅዳሜ ማታ፣ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዑራኤል አገልግለው ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱ። የእሷ አጥቢያ ነው፣ የምትቀመጥበት አግዳሚ ያለበት። ባለቤታቸውም አብረው ተወስደው ነበር፤ እሳቸውን ከከተማ ውጭ ጥለዋቸው ሄዱ፣ በኋላ ግን 10 ዓመት ያህል አሰሯቸው። ቄስ ጉዲና በዚያችው ሌሊት መገደላቸው የታወቀው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፤ አስከሬናቸው በ1984 ተገኘ። ሰው ነፍስና ሥጋው አይነጣጠልም፣ ቤተ ክርስቲያን ለሁለቱም ትሥራ የሚሉ ሰው ነበሩ፣ ይሄን ብለው እስከ ውጭ አገር ድረስ ተከራክረዋል።

እሑድ ቤታችን ለቅሶ ቤት መስሎ ዋለ። ድምፅ የለም። ሰኞ ማታ እማዬ ነጠላዋን አጣፋች፣ ጠመኔዋን በመሀረብ ቋጠረች፣ ፋኖሱን አነሳች። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው። አያትሽ (አባቴ ማለቴ ነው) እንዲህ ጮኾ አያውቅም፦ "ለእነዚህ ሰዎች ነው የምታስተምሪላቸው?" እሷም "ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ሴቶቹ ደጅ ላይ በዝናብ ይቆማሉ" ብላው ወጣች።

በቃ ይሄው ነው። ትልቅ ነገር አልተናገረችም።

ስምንት ዓመት ሙሉ ያቺን ነገር ይዤ ቆየሁ። 15 ዓመት ሲሞላኝ፣ በምን እንደተጣላን እንኳ አላስታውስም፣ "ቄሱን ለወሰዱብሽ ሰዎች ጊዜ አለሽ፣ ለልጅሽ ግን የለሽም" አልኳት። ምስር እየለቀመች ነበር። እጇን አላቆመችም። "ምን ማለት ነው?" አለችኝ። በቁጣ አይደለም፣ ልክ ክፍል ውስጥ እንደምትጠይቀው። መልስ አልነበረኝም። በሩን ደርግሜ ወጣሁ፤ ማታ ስመለስ ራቴ ሙቅ ነበር።

እድሩንም ልንገርሽ። አንቺ የምታውቂው ሁሉ ሲወዳት ነው። ድሮ እንደዚያ አልነበረም። መካነ ኢየሱስ መሆን ራሱ ግራ ነው፤ ሌሎቹ ጴንጤዎች ሕፃን ታጠምቃላችሁ፣ ግማሽ ኦርቶዶክስ ናችሁ ይሉናል፣ ኦርቶዶክሱ ደግሞ ያው ጴንጤ ናችሁ ይለናል። እማዬ የእድሩ ጸሐፊ የሆነችው እጅ ጽሕፈቷ ስለሚያምር ነው እንጂ ተወዳ አልነበረም። ረቡዕና ዓርብ ቤታችን ሥጋ አይሠራም፣ እኛ የማንጾም ሰዎች ሆነን። "ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ይመጣል፣ ሽታው ጥሩ አይደለም" ትላለች። እኔ ለሆዴ ስል ስንቴ አጉረምርሜያለሁ።

አንድ ጊዜ ሰፈር ውስጥ አንድ ወጣት ሞተ፣ ጴንጤ ነው። ድንኳን ይውጣ አይውጣ ተብሎ ስብሰባ ተጠራ። አንድ ሰውዬ ተነስቶ ሲጮኽ፣ ሌላው ሲመልስ፣ ሁለት ሰዓት ፈጀ። እማዬ ቃለ ጉባኤውን እየጻፈች ነው። ከዚያ መሀል ላይ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ወጣች፣ ሽንት ቤት የሄደች ነው የመሰላቸው። መጋዘኑን ከፍታ፣ አራት ጎረምሶች ጠርታ ድንኳኑን አስወጣችው። ስብሰባው ገና አላለቀም ነበር። ይሄ ልክ ነው ወይ ካልሽኝ፣ ልክ አይደለም። ጸሐፊ ነች እንጂ ሊቀመንበር አይደለችም። አወረዷት። በዓመቱ የአዲሱ ጸሐፊ ሒሳብ አልገጥም ሲላቸው መልሰው ለመኗት፣ እሷም ትንሽ ተግደርድራ ገባች። ስለዚያ ሲጮኽ ስለነበረ ሰውዬ አንዴም ክፉ ስትናገር አልሰማሁም፤ ሐሜት ስናነሳ "ስምንተኛው ትእዛዝ" (በሉተር አቆጣጠር በሐሰት አትመስክር የሚለው) ትልና ታስቆመናለች፣ እዚያ ላይ የሉተር መልስ ስለ ባልንጀራህ በጎውን ተናገር፣ ነገሩንም በመልካሙ ተርጉመው የሚል ነው። ሰውዬው በሕይወት አለ። ሦስቱንም ቀን መጥቶ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጧል። ምንም አልተናገረም፣ ንፍሮውን በልቶ ሄደ።

ባለፈው ሳምንት ሳጥኗን ከፈትኩት። ካዛንቺስ ሲፈርስ ይዛው የመጣችው ያ ሰማያዊው የቆርቆሮ ሳጥን ነው፤ ሌላውን ዕቃ ሁሉ ስትሰጥ እሱን አልለቅም ያለችው። ውስጡ ገንዘብ የለም፣ ደብተር ነው። የማታ ተማሪዎቿ አቴንዳንስ፣ ከነመስመሩ። ከቀሩት ስም ጎን ሁሉ ምክንያቱን ጽፋለች። "ወለደች።" "ልብሷ አልደረቀም።" "ባሏ ከለከላት፣ ሄጄ አናግሬዋለሁ።" ከሁለት ሳምንት በኋላ እዚያው ስም ጎን፣ "ባልየውም መጣ።" አንዲት ሴትዮ ሦስት ዙር ተመዝግባ ሦስቱንም ጊዜ "እስከ መ ደርሳለች" ይላል። ሴትዮዋን አገኘኋት፣ ለቅሶ ላይ፣ ከገላን ጉራ ሁለት ታክሲ ይዛ መጥታ። ዛሬም ማንበብ አትችልም። "ፊደሉ አልገባልኝም ልጄ" አለችኝ እየሳቀች፣ "ግን ማታ ከቤት የምወጣበት ሰበብ እሱ ብቻ ነበር፣ እናትህም ታውቅ ነበር።"

አንድ ገጽ ላይ ደግሞ፣ ከተማሪዎቹ ስም በታች፣ የራሷን ስም አገኘሁት። በቀይ እስክሪብቶ "ቀረች" ይላል። ምክንያት፦ "ልጇ ታሟል።" ቀጥሎ ባለው ሰኞም እንደዚያው። ቀጥሎ ባለው ሐሙስም። ቆጠርኩት፣ 11 ጊዜ። እኔ አንዱንም አላስታውስም፣ ሚጢዬ። የማስታውሰው የቀዘቀዘውን ራት ብቻ ነው።

ከሳጥኑ ሥር በጫማ ማሰሪያ የተሳሰሩ ሰባት ቁልፎች አሉ። ስድስቱ የሚከፍቱት በር የለም፤ አዳራሹም ቤቱም የለም። ሰባተኛው ይሠራል። የእድሩ ዕቃ አሁን ዑራኤል አካባቢ አንድ አባል ግቢ ውስጥ ቆርቆሮ ቤት ተቀምጧል፤ አባላቱ ተበታትነዋልና እድሩ ይፍረስ ወይስ ይቀጥል ብለው ቅዳሜ ይሰበሰባሉ። እኔን ጸሐፊ ሁንልን ብለውኛል። እጅ ጽሕፈቴን አይታችሁታል ወይ ብዬ እንቢ አልኳቸው። ቁልፉ ግን እኔ ጋ ነው፣ ቀድሜ ሄጄ መክፈት አለብኝ።

ከአዳማ በጠዋት ከተነሳሽ ከአራት ሰዓት በፊት ትደርሻለሽ። ወንበሮቹ 60 ናቸው፣ ወገቤን ደግሞ ታውቂዋለሽ።

አባትሽ