ለአባቴ፦ ስለ ክቧ ስሙኒ

ድሬዳዋ
ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔም ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ጉዳይ በስልክ ልነግርዎ ጀምሬ መስመሩም እየተቆራረጠ ጆሮዎም እያስቸገረዎ መግባባት ስላልቻልን፣ እህቴ ቀስ ብላ እንድታነብልዎ በደብዳቤ ማድረጉን መርጫለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ከቀፊራ ገበያ በላይ የሚኖሩ አንዲት እናት በኒዶ ጣሳ ሙሉ ሳንቲም ይዘው ባንክ ወደምሠራበት መስኮት መጡ። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ዕቃ ሲያስተካክሉ ከአልጋ ሥር ያገኙት ነው፤ ተቆጥሮ ደብተራቸው ላይ እንዲገባላቸው ፈለጉ። አብዛኛው ሁላችን የምናውቀው፣ የአንበሳ ራስ ያለበት የ1969ኙ ሳንቲምና በኋላ ከብረት ተሠርቶ ማግኔት የሚስበው ዓይነት ነበር። እየለየሁ ስቆጥር ግን ከሥር ከሥሩ ሌላ ዘመን ይወጣ ጀመር፦ ሁለት ግመሎች ያሉበት የጅቡቲ ፍራንክ፣ ከዚያ የጃንሆይ መልክ ያለባቸው የ1936 ሳንቲሞች፣ ከእነርሱም መካከል አንዲት ስሙኒ፣ ያቺው የሃያ አምስት ሳንቲሟ።

የጃንሆይ ስሙኒ ዳሯ እንደ አበባ ተከርክሞ የገባና የወጣ መሆኑን እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ። ይህቺ ግን ድፍን ክብ ናት። ቀዩ መዳብ በየቦታው ይታያል፣ ነገር ግን በፊደሎቹ ጎድጓዳ ውስጥና በአንበሳው እግሮች መካከል ነጭ ነገር ተጋግሮባታል። መጀመሪያ ሻጋታ መስሎኝ በጥፍሬ ብፍቀው አልለቀቀም። ወደ መብራቱ ዘወር ሳደርጋት ነጩ አብለጨለጨ፣ ያን ጊዜም ነጩ ነገር የብር ቅብ መሆኑን ተረዳሁ።

አባባ፣ አያቴ በሐረር ፈረስ መጋላ ሱቃቸው ሽልንግ፣ ማለትም ሃምሳ ሳንቲም፣ በተቀበሉ ቁጥር ዳሩን ከደጃፉ ድንጋይ ጋር ፈተግ አድርገው ቀይ ይወጣው እንደሆነ ያዩ እንደነበር፣ አንድ ቀንም ሳያዩ የተቀበሉት ገንዘብ ማታ ሲቆጠር ግማሹ ስሙኒ ሆኖ እንደተገኘ ስንት ጊዜ ነግረውናል። እኔ ግን ልጆችን ጠንቃቃ ለማድረግ የሚነገር ተረት ነው ብዬ አላመንኩዎትም ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ማስረጃው ይኸው በእጄ ገባ። በ1937 አዲሱ ብር ሲታወጅ ስሙኒው ክብ መዳብ፣ ሃምሳ ሳንቲሙ ደግሞ ክብ ብር ነበር፤ መጠናቸውም መልካቸውም ተቀራራቢ ስለነበረ፣ በተለይ ማንበብ የማይችለውን ሰው ለማታለል ስሙኒውን በብር መቀባት ብቻ ይበቃ ነበር። በዚህ ምክንያት መንግሥት በ1940ዎቹ አጋማሽ ክቡን ስሙኒ ከገበያ ሰብስቦ ዳሩ እንደ አበባ በተከረከመው ተካው። አያቴ የተጎዱበት ገንዘብ በትክክል ይህ ነው።

ሽልንግ ስንል የኖርነውም ከየት እንደመጣ ያኔ ነው በደንብ የገባኝ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ብሩ እስኪታወጅ ድረስ የእንግሊዞቹ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ እዚህ ይሠራበት ነበር፤ አንዱ ብር በሁለት ሽልንግ ሲመነዘር ሃምሳ ሳንቲሙ የሽልንጉን ስም ወረሰ። እርስዎ ጋ ያለው፣ አንበሳና ተራራ ያለበት፣ በሌላ በኩሉ የእንግሊዝ ንጉሥ ራስ የተቀረጸበት ሳንቲም እርሱ ነው። የእኛ አንበሳ ባንዲራ ይይዛል፤ ያኛው አይይዝም።

ወደ ሴትዮዋ ልመለስ። ባንክ ዛሬ የማይቀበላቸውን ሁሉ ለይቼ በፖስታ መለስኩላቸውና፣ ከውስጡ ያሉት ሦስት የጃንሆይ ሃምሳ ሳንቲሞች ከብር የተሠሩ ስለሆኑ በማንም ቃል በርካሽ እንዳይሰጧቸው ነገርኳቸው። እሳቸውም «ለዚህች ስሙኒ እንዲህ ከተንሰፈሰፍሽላት ውሰጃት» አሉኝ። የደንበኛን ነገር በነጻ መውሰድ ለሥራዬ ደግ ስላልሆነ፣ ሥራ አስኪያጃችን ባለበት ዋጋዋን አጣርቼ እንደምከፍላቸው ተስማማን። ሳጣራ ያገኘሁት እንዲህ ነው፦ መዳብ በመሆኗ ሲያቀልጧት የምታወጣው ነገር የለም፤ አብዛኞቹ ክብ ስሙኒዎች ስለተሰበሰቡ ሰብሳቢዎች ከአበባዋ ይልቅ ይህቺን ይፈልጋሉ፤ ቅቡ ግን የተነካካች ሳንቲም ስለሚያሰኛት ዋጋዋን ይቀንሰዋል። በመጨረሻ አምስት መቶ ብር ከፈልኳቸው፤ እሳቸው በዛ አሉ፣ እኔ ግን ያተረፍኩት እኔ እንደሆንኩ ነው የሚሰማኝ።

አሁን ይህን ሁሉ ወደጻፍኩበት ዋና ጉዳይ ልምጣ። አንድ ሰው ቤት ድረስ መጥቶ ሳጥንዎ ውስጥ ያሉትን ማርትሬዛዎች፣ ማለትም ጠገራ ብሮቹን፣ እና ጥቁሩን የምኒልክ ብር በደርዘን ሒሳብ ልግዛ እንዳለዎት፣ ጎረቤትዎ ደግሞ ማርትሬዛው ላይ 1780 ስለተጻፈ ቤት ይገዛል እንዳሉዎት ሰምቻለሁ። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

ማርትሬዛው ላይ ያሉት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ትሬዛ የሞቱት በፈረንጆቹ 1780 ነው። ከዚያ በኋላ በቪየና የተመታውም ሆነ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስና በቦምቤይ የተመታው ጠገራ ሁሉ ያንኑ 1780 ይዞ ነው የወጣው። ሞሶሊኒ እንኳን አገራችንን ለመውረር ሲዘጋጅ ማህተሙን ከቪየና አስመጥቶ በሮም አስመትቶታል። ስለዚህ ዓመተ ምሕረቱ ስለ ዕድሜው ምንም አይነግረንም፤ የእርስዎ ጠገራ የቅድመ አያታችን ዘመን ሊሆን ይችላል፣ ከጣሊያን ጋር የገባም ሊሆን ይችላል። የሚያስተማምነው ክብደቱና ብሩ ነው። ትክክለኛው ጠገራ 28 ግራም ከጥቂት ይመዝናል፣ ከስድስቱ እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር ነው፣ ይህም 23.4 ግራም ገደማ ይሆናል። ብር በዓለም ገበያ የሚሸጥበት ወቄት 31.1 ግራም ስለሆነ፣ የዕለቱን የወቄት ዋጋ በሦስት ሩብ ማባዛት ነው፤ የሚወጣው የአንዱ ጠገራ የመጨረሻ ዝቅተኛ ዋጋ ነው። ከዚያ በታች የሚሰጥ ሰው ብሩን እንኳን አልከፈለም ማለት ነው።

እናቴ ሲያጠልቁት የነበረው የአንገት ጌጥ ላይ ያሉት አራቱ ማንጠልጠያ ስለተበየደባቸው ሰብሳቢ ብዙም አይፈልጋቸውም። እነርሱን ግን ቀድሞውንም አንሸጣቸውም፤ ይህን ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም።

የምኒልክ ብር ሌላ ነገር ነው። ከ1887 ጀምሮ በፓሪስ የተመታ ሲሆን ክብደቱም ብሩም ከማርትሬዛው ጋር አንድ ያህል ነው፣ ሆን ተብሎ ማርትሬዛን እንዲተካ የተሠራ ነበርና። ሆኖም ሕዝቡ የለመደውን ጠገራ አልተው ስላለ ምኒልክ ብር ገበያውን ሳያሸንፍ ቀረ፤ ያን ጊዜ ባለመፈለጉ ዛሬ በቁጥር ያነሰ ሆነ። ስለዚህ ሁለቱን እኩል መዝኖ እኩል መክፈል ተገቢ አይደለም። የእርስዎ ላይ በግእዝ ቁጥር የተጻፈውን ዓመት፣ የንጉሡ ጢምና ዘውድ ምን ያህል እንደተፋቀ ሳላይ ስንት ያወጣል ብዬ መገመት አልደፍርም፤ ከብሩ ዋጋ በላይ እንደሆነ ግን እርግጠኛ ነኝ።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ምንም ቢጠቁር አያጽዱት፤ ማንም ላጽዳልዎ ቢል አይስጡት። ስድስተኛ ክፍል እያለሁ ከጃንሆይ ሽልንጎች አንዱን በሎሚና በአመድ ፈትጌ እንደ መስተዋት አብርቼ ሳመጣልዎ «ጎበዝ» ብለው ግንባሬን ስመውኛል። ያ ፍቅርዎ ነበር፤ ሳንቲሙን ግን አበላሸሁት። ከሥር የወጣው ጭረት ዕድሜ ልኩን አይጠፋም፣ ሳንቲም የሚያውቅ ሰውም መጀመሪያ የሚያየው እርሱን ነው። ጥቁረቱ ብሩን አይበላውም።

ሰውየው ተመልሶ ከመጣ፣ ልጄ ሳትመጣ አይሆንም ይበሉት፤ ደርዘን የሚለውንም አይስሙ፣ እያንዳንዱ ለየብቻው ይታያል። ወደ ውጭ አገር የሚወስደው መሆኑን ከነገረዎ ደግሞ ጨርሶ እንዳይሸጡለት። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት የተከለከለ ነው፤ በዚህ ዕድሜዎ በማያውቁት ሰው ጉዳይ እንዲጠየቁ አልፈልግም። ገንዘብ ቸግሮዎት ከሆነ ደግሞ ለመሸጥ ያሰቡት፣ እባክዎን ለእኔ ይንገሩኝ፤ የመድኃኒትዎን ወጪ እኛ እንችላለን።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና በደንገጎ በኩል እመጣለሁ። ከአንድ ወርቅ ሠሪ ግራም የሚለይ ትንሽ ሚዛን ተውሻለሁ፣ ማግኔትም እይዛለሁ። ጠገራዎቹን በየተራ መዝነን፣ የንግሥቲቱን የደረት ጌጥ ዘጠኝ ሉሎች ቆጥረን፣ ከምስሉ ሥር «ኤስ» እና «ኤፍ» የሚሉት የላቲን ፊደሎች መኖራቸውን፣ በዳሩ ዙሪያ ስለ ፍትሕና ስለ ምሕረት የሚናገረው ጽሑፍ ከፍ ብሎ መውጣቱን አይተን የእያንዳንዱን ነገር በደብተር እጽፍልዎታለሁ። እስከዚያ ሳጥኑ እንደተቆለፈ ይቆይ።

ክቧን ስሙኒም ይዣት እመጣለሁ። ዳሯ ላይ በአንድ በኩል ብቻ ነጩ ተፍቆ ቀዩ የወጣበት፣ የጣት ጥፍር የሚያህል ቦታ አለ። የአያቴን ድንጋይ አስታወሰኝ። ዓይንዎ ባያየው እንኳን በአውራ ጣትዎ ዳስሰው ይነግሩኛል።

ጉልበትዎን ስሜ፣
ልጅዎ