ለኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን፦ መርከበኛ ልጆቻችን ባልነገራችኋቸው ሕግ እየተቀጡ ነው

ከደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ

የተከበራችሁ የባለሥልጣኑ ኃላፊዎች፣

የእህቴ ልጅ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ተምሮ፣ ባሕር ዳር የማሪታይም አካዳሚ ሠልጥኖ፣ ዛሬ በውጭ ኩባንያ መርከብ ላይ ኤሌክትሮ ቴክኒካል ኦፊሰር፣ ማለትም የመርከቡን የኤሌክትሪክና የመገናኛ መሣሪያዎች የሚጠግን ባለሙያ ነው። መርከቡ አንድ የሕንድ ወደብ ሲደርስ የጉምሩክ ፈታሾች ክፍሉ ገብተው ከመሳቢያው የቱራያ ሳተላይት ስልክ አወጡ። ከሥራ ባልደረባው የገዛው፣ ከመሀል ባሕር እናቱን የሚያገኝበት ስልክ ነው። ላስቲክ ውስጥ ከተው፣ አሽገው፣ ቁጥር ጽፈውበት ወሰዱት። መርከበኛው የግል ንብረቱን በሚያስመዘግብበት ቅጽ ላይ የሞላው «ላፕቶፕ 1፣ ስልክ 2» ብሎ ነበር። የሳተላይቱንም ስልክ ስልክ ብሎ ቆጥሮታል፤ ሊደብቅ ያሰበ ሰው ሁለት ብሎ አይጽፍም። ስልኩ ተወረሰ፣ ቅጣቱም ከደመወዙ ተቆረጠ።

ወሬው እኛ ሰፈር ጠባሴ ድረስ የመጣው «መገናኛ ይዞ ተገኘ» ተብሎ ነው። እንዲህ ያለ ወሬ በእኛ አካባቢ ምን ትርጉም እንዳለው አታጡትም። እህቴ ልጇ ደውሎ በራሱ አንደበት እስኪያስረዳት ድረስ እህል አልቀመሰችም።

የሕንድን ሕግ ልቃወም አይደለም የምጽፈው። እ.ኤ.አ. በ1933 የወጣው የሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ሕጋቸው ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ሲከለክል ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2008 ሙምባይን ያጠቁት ሰዎች በባሕር ከገቡ ወዲህ ደግሞ ያልተፈቀደ ቱራያና ኢሪዲየም የሳተላይት ስልክ ላይ ቁጥጥሩ እጅግ ጠብቋል። እኛም አገር ቢሆን የሳተላይት ስልክ ያለ ፈቃድ አይገባም። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ልጁ ይህን ከመሳፈሩ በፊት ከማን መስማት ነበረበት?

በተለይ የሚያስጨንቀኝ የሱን ዓይነት ሥራ የያዙ ልጆች ጉዳይ ነው። ሶላስ በሚባለው የባሕር ደኅንነት ስምምነት መሠረት 500 ቶንና ከዚያ በላይ የሆነ የጭነት መርከብ ለነፍስ አድን ጀልባ ቢያንስ ሦስት የእጅ ሬዲዮ ይይዛል፤ መርከቡ ቢሰጥም በ406 ሜጋኸርዝ ለሳተላይት የድረሱልኝ ምልክት የሚልክ መሣሪያም አለው። እነዚህ የመርከቡ ንብረቶች ናቸው፣ በሬዲዮ ፈቃዱ ላይ ሰፍረዋል፣ የሰው ነፍስ የተንጠለጠለው በእነሱ ላይ ነው። ታዲያ ከሦስቱ አንዱ ባትሪው ደክሞ ለጥገና ሲመጣ የሚቀመጠው የት ነው? የእህቴ ልጅ ጠረጴዛ ላይ፣ ክዳኑ ተፈቶ፣ መለያው ተነሥቶ። ለፈታሽ ዓይን ይህ ያልተመዘገበ የግል ሬዲዮ ይመስላል። ይባስ ብሎ ኢሪዲየምን ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ለአደጋ ጊዜ መገናኛነት ተቀብሎታል። አንዱ ዘንድ የነፍስ አድን መሣሪያ የሆነው ስም ሌላው ዘንድ የሚያስጠይቅ ሲሆን፣ መሀል ላይ የሚቆመው የ25 ዓመት ልጅ ነው።

ከመንዝ፣ ከአንኮበር፣ ከደብረ ሲና ባሕር አይተው የማያውቁ ልጆች ወደዚህ ሙያ እየገቡ ነው። ስለዚህ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ማንኛውም መርከበኛ ከአገር ከመውጣቱ በፊት የትኛው አገር የትኛውን መገናኛ እንደሚከለክል፣ ቅጹ ላይ በምን ስም እንደሚጻፍ፣ ለጥገና የወጣ የመርከብ ሬዲዮ በካፒቴኑ ፊርማ እንዴት እንደሚመዘገብ በአማርኛ የተጻፈ ነገር በእጁ ይሰጠው። ሕግ ስለሚለዋወጥም በየጊዜው ይታደስ። ልጆቹን ከሚቀጥሩ ኩባንያዎች ጋር ስትዋዋሉ፣ በመርከቡ መሣሪያ ምክንያት የሚመጣ ቅጣት ከመርከበኛ ደመወዝ እንዳይቆረጥ በጽሑፍ አስገቡ። በውጭ ወደብ ንብረቱ የተያዘበት ልጅ ሌሊትም ቢሆን የሚደውልበት፣ ለቤተሰቡም እውነቱን የሚናገር አንድ የስልክ መስመር ክፈቱ።

የእህቴ ልጅ ውሉ አላለቀም፤ መርከቡ ወደዚያው ወደብ ሊመለስ ይችላል። መልሳችሁን ከዚያ በፊት እንድትሰጡን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የአንድ መርከበኛ አጎት

ግልባጭ፦
ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር