የማታውቁትን ዕዳ አትክፈሉ፤ በጽሑፍ ተከራከሩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ የአንባብያን ጥያቄ ገጽ ላይ አንዲት እናት በስሟ ያልከፈተችው የክሬዲት ካርድ ዕዳ በኮሌክሽን (በዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት) በኩል እንደመጣባት ጠይቃ ነበር። የተሰጣት መልስ ባንኩ ጋ ደውላ እንድታስረዳ፣ ካልሰሟት ደግሞ ክሬዲቷ እንዳይበላሽ ትንሽ ትንሽ እንድትከፍል የሚመክር ነው። ምክሩ ከቅን ልብ እንደወጣ አንጠራጠርም፤ ግን ይጎዳታል። እኛ በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው በታክስና በክሬዲት ወረቀቶች ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ነን። ከዚህ በታች ያለውን ለአንባብያን እንድታደርሱልን እንጠይቃለን።

ሌባ በስማችሁ ከፍቶት ሊሆን የሚችለውን፣ እናንተ ያልወሰዳችሁትን ዕዳ ሃያ ዶላርም ብትሆን አትክፈሉ። ክፍያው ዕዳው የእኔ ነው ብሎ እንደማመን ይቆጠራል፤ በአንዳንድ ስቴቶችም የዕዳውን የይርጋ ጊዜ (ክስ የሚቀርብበትን የጊዜ ገደብ) እንደ አዲስ ሊያስቆጥር ይችላል። ስልክም ብቻውን አያድንም። ያነጋገራችሁት ሰው ነገ በቦታው ላይኖር ይችላል፣ የተናገራችሁትም አልተጻፈም። የፌደራሉ የክሬዲት ሪፖርት ሕግ ጠንካራ መብት ሰጥቷችኋል፤ ይህን መብት የሚያንቀሳቅሰው ግን በወረቀት የቀረበ ጥያቄ ነው።

ከወረቀቱ በፊት በሩ ይዘጋ። የእያንዳንዱን ሰው የብድር ታሪክ በፋይል የሚይዙት ሦስቱ ትልልቅ የክሬዲት ቢሮዎች ኢኩፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን ናቸው። በ2017 ከኢኩፋክስ የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ ከተሰረቀ በኋላ በወጣው ሕግ መሠረት፣ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ፋይልን ፍሪዝ ማድረግ (አዲስ አበዳሪ እንዳያየው መዝጋት) በመላ አሜሪካ ነፃ ነው። በኢንተርኔት ወይም በስልክ ከጠየቃችሁ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ መዘጋት አለበት፤ ክፈቱልኝ ስትሉ ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ። ሦስቱንም ለየብቻ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ አንዱ ለሌላው አይነግርም። ፍሮድ አለርት የሚባለውን ግን ለአንዱ ከነገራችሁ ለሁለቱ ያስተላልፋል። እሱ አበዳሪውን «ሰውየውን አጣራ» ብሎ የሚያስጠነቅቅ ብቻ ነው፣ አይዘጋም፤ አንድ ዓመት ይቆያል፣ ከታች የምንገልጸው የማንነት ስርቆት ሪፖርት ካላችሁ ሰባት ዓመት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ነፃው «ፍሪዝ» እና ወርሃዊ ክፍያ የሚጠየቅበት «ሎክ» ጎን ለጎን ሊቀርቡላችሁ ይችላሉ። ሕጉ በነፃ የሰጣችሁ ፍሪዙን ነው፤ እሱን ምረጡ። ድረ ገጹ ማንነታችሁን ማረጋገጥ ካቃተው (ሌባው የከፈተውን ሒሳብ የተመለከተ ጥያቄ አቅርቦላችሁ ሊሆን ይችላል) የመታወቂያና የመብራት ወይም የውኃ ቢል ኮፒ አያይዛችሁ በፖስታ ጠይቁ። ቤት ስትከራዩ ወይም መኪና ስትገዙ የሚያዩት የየትኛውን ቢሮ ፋይል እንደሆነ ጠይቃችሁ ያንን ብቻ ለጥቂት ቀን ክፈቱ። የባንክ ሒሳብ አከፋፈትን የሚከታተለው ቼክስሲስተምስና የስልክና የመብራት ሒሳቦችን የሚመዘግበው ኤን ሲ ቲ ዩ ኢ ከሦስቱ ውጭ ናቸው፤ እነሱንም ለየብቻ በነፃ ማዘጋት ይቻላል።

ቀጥሎ ሪፖርቱ። በአንዋልክሬዲትሪፖርት ዶት ኮም (annualcreditreport.com) ከሦስቱም ቢሮዎች በየሳምንቱ በነፃ ይገኛል፤ በ1-877-322-8228 ደውሎ መጠየቅም ይቻላል። ካርድ ቁጥር የሚጠይቃችሁ ገጽ ይህ አይደለም፤ ውጡ። ሪፖርቱን ስታነቡ አብዛኛው ሰው እንደሚያደርገው ዕዳዎቹ ላይ አትዝለሉ። ከላይ ካለው የግል መረጃ ጀምሩ፤ ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ፣ አሠሪ። ሌባው ካርዱ እንዲላክለት የሰጠው አድራሻ ብዙ ጊዜ እዚህ ተመዝግቦ ይገኛል። ኖራችሁበት በማታውቁት ከተማ ያለ አፓርትመንት ቁጥር ካያችሁ ቀኑን አስተውሉ። ከዚያ ሃርድ ኢንኳየሪ የሚለውን ክፍል እዩ፤ ባለፉት ሁለት ዓመታት በስማችሁ ብድር የተጠየቀባቸው ድርጅቶች ዝርዝር ነው። ሒሳቡ ገና ሳይከፈት ማመልከቻው ብቻ እዚህ ሊታይ ስለሚችል፣ ያን ድርጅት የማጭበርበር ክፍል ቶሎ ካገኛችሁት ጉዳዩ ከሥሩ ይቆማል።

የእኛ ስም አጻጻፍ የሚያመጣውን ችግር ግን በደንብ ማየት ይገባል። በፓስፖርቱ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም አለ፤ አንዱ መሥሪያ ቤት የአባትን፣ ሌላው የአያትን የመጨረሻ ስም ብሎ ይይዛል፤ የእንግሊዝኛ ፊደሉም ከወረቀት ወረቀት ይለያያል። በስደተኛነት የገቡ ብዙ ወገኖቻችን ደግሞ የልደት ቀናቸው ጃንዋሪ 1 ተብሎ ነው የተመዘገበው። የቢሮዎቹ ኮምፒውተር ስምን፣ ልደትን፣ አድራሻንና ሶሻልን (የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርን) አቀናጅቶ ሲያዛምድ፣ በአንድ አፓርትመንት የኖሩ፣ በአንድ አባት ስም የሚጠሩ ሁለት ወንድማማቾችን ፋይል ሊያደባልቅ ይችላል። ይህ ስርቆት አይደለም። ምልክቱ የማታውቁት ሒሳብ ለዓመታት በወቅቱ ሲከፈል መቆየቱ ወይም የስሙ አጻጻፍ በአንድ ሁለት ፊደል መለየቱ ነው፤ ሌባ ብዙ ጊዜ ለዓመታት በወቅቱ አይከፍልም። እንዲህ ያለው የሚስተካከለው በተራ የእርማት ጥያቄ ሲሆን ቢሮው በ30 ቀን፣ አንዳንዴም በ45 ቀን ውስጥ አጣርቶ መልስ መስጠት አለበት። የተደባለቀን ፋይል ስርቆት ነው ብሎ በፊርማ ማመልከት ምንም ያላጠፋ ወንድምን በወንጀል መወንጀል ነው።

ስርቆት መሆኑን ካረጋገጣችሁ ግን ተራውን የእርማት መንገድ አትያዙ። በዚያ መንገድ ቢሮው አበዳሪውን ይጠይቃል፤ አበዳሪው በፋይሉ ያለውን ስም፣ ሶሻልና ልደት ከእናንተው ጋር ያመሳክራል። ሌባው የተጠቀመው የእናንተኑ እውነተኛ መረጃ ስለሆነ ሁሉም ይገጥማል፣ «ተረጋግጧል» የሚል መልስም ይመጣል። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው።

ትክክለኛው መንገድ የሚጀምረው ከፌደራል ንግድ ኮሚሽን ሪፖርት ነው፤ በአይደንቲቲቴፍት ዶት ጎቭ (identitytheft.gov) ወይም በ1-877-438-4338። በስልክ ከሆነ አስተርጓሚ ጠይቁ። እያንዳንዱን ሒሳብ ለየብቻ አስገቡ፤ የድርጅቱን ስም፣ በሪፖርቱ ላይ እንዳለ የሒሳቡን ቁጥር፣ የተከፈተበትን ቀን፣ መጠኑንና እናንተ ያወቃችሁበትን ቀን። በገጹ ላይ የራሳችሁን አካውንት ክፈቱ፤ ያለዚያ ገጹን ከዘጋችሁ በኋላ ሪፖርቱን መልሳችሁ ስለማታገኙት ወዲያው ማተም ግድ ይሆናል። ይህን ሪፖርት፣ መታወቂያና የአድራሻ ማስረጃ ይዛችሁ የአካባቢያችሁ ፖሊስ ጣቢያም አስመዝግቡ። ቢሮዎቹ በአብዛኛው በኮሚሽኑ ሪፖርት ይሠራሉ፤ ሌባው ያቀረበውን የማመልከቻ ሰነድ ሒሳቡ ከተከፈተበት ድርጅት ስትጠይቁ ግን ድርጅቱ የፖሊሱንም ሊፈልግ ሕጉ ይፈቅድለታል።

አሁን ለእያንዳንዱ ቢሮ ደብዳቤ ይጻፋል። በፖስታው ውስጥ አራት ነገር መኖር አለበት፦ የስርቆት ሪፖርቱ ኮፒ፤ የመታወቂያና የአድራሻ ማስረጃ ኮፒ፤ የሐሰቱ ሒሳቦች የተከበቡበት የክሬዲት ሪፖርቱ ገጽ፤ እና እነዚህ ሒሳቦች እኔ ካደረግሁት ከማንኛውም ግብይት የመጡ አይደሉም የሚል ግልጽ ዓረፍተ ነገር። አራቱ ከተሟሉ ቢሮው በደረሰው በአራት የሥራ ቀን ውስጥ መረጃውን ከሪፖርቱ ማገድ አለበት። አንዱ ከጎደለ ጥያቄው ውድቅ ሊሆን ወይም ወደ ተራው የ30 ቀን መንገድ ሊወርድ ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው አራተኛው ነው፤ ሰው ታሪኩን በሁለት ገጽ ይተርክና ያቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ይተዋታል። ደብዳቤው በሰርቲፋይድ ሜይል (በተመዘገበ ፖስታ) ከሪተርን ሪሲት (ከመድረሻ ማረጋገጫ) ጋር ይላክ፤ ተፈርማ የምትመለሰዋ አረንጓዴ ካርድ አራቱ ቀን ከመቼ እንደሚቆጠር ትመሰክራለች። ዋናውን ሰነድ በፍጹም አትላኩ።

ሒሳቡ ለተከፈተበት ድርጅት ደግሞ ሌላ ደብዳቤ ይሄዳል። ሕጉ የማመልከቻውንና የግብይቱን ሰነዶች ኮፒ በ30 ቀን ውስጥ በነፃ እንዲሰጧችሁ ያስገድዳል። ማመልከቻው ላይ ያለው የመላኪያ አድራሻ፣ ስልክና ኢሜይል የእናንተ አለመሆኑ ከማንኛውም ማስረጃ ይበልጣል። ሲያበቃም ሒሳቡ እንደተዘጋና ተጠያቂ እንዳልሆናችሁ የሚገልጽ ደብዳቤ ጠይቁ፤ አትጣሉት። ዕዳ ስለሚሸጥ ከዓመታት በኋላ ሌላ ሰብሳቢ ያንኑ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

የኮሌክሽን ድርጅት ሲጽፍላችሁ የዕዳው ማስታወቂያ ከደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ከተቃወማችሁ፣ ማረጋገጫ እስኪያቀርብ መጠየቁን ማቆም አለበት። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ መጥሪያ ከመጣ ደግሞ «የእኔ ዕዳ ስላልሆነ አያገባኝም» ብሎ ማስቀመጥ ትልቁ ጥፋት ነው። ዳኛው በሌላችሁበት ይፈርዳል፣ ከደመወዛችሁም ሊቆረጥ ይችላል። በመጥሪያው ላይ በተጻፈው ቀን ገደብ ውስጥ የመከላከያ መልስ አስገቡ።

አሁን ወደሚከብደው። ሶሻሉን የወሰደው ወንድም፣ የአጎት ልጅ ወይም የቀድሞ ባል ሆኖ ሲገኝ በእኛ ማኅበረሰብ ነገሩ ይታፈናል። ሕጉ ዝምድናን አይመለከትም፤ ያለ ፈቃድ ከሆነ ስርቆት ነው። በፈቃዳችሁ ሶሻላችሁን ሰጥታችሁ ወይም ኮሳይን አድርጋችሁ (ለብድሩ አብራችሁ ፈርማችሁ) ከሆነ ግን ስርቆት አይደለም፤ እንደ ስርቆት ማመልከት ራሱ በሐሰት መግለጫ ያስጠይቃል። በሒሳቡ ከተገዛው ዕቃ ወይም ገንዘብ ተጠቅማችሁ ከሆነም ቢሮው ያገደውን መረጃ መልሶ ማስገባት ይችላል። ሽማግሌ ገብቶ ዘመዳችሁ ገንዘቡን እንዲከፍል ቢያስማማ መልካም ነው፤ ሽምግልናው ግን ከክሬዲት ፋይሉ ላይ ምንም አይሰርዝም። ማመልከት ወይም አለማመልከት ከፊርማ በፊት ይወሰን። አመልክቶ መተው ከማመልከትም ካለማመልከትም የከፋ ነው፣ ምክንያቱም ለሁለተኛ ጊዜ ስታመለክቱ የሚያምናችሁ አይኖርም።

በታክስ በኩል፣ ታክስ ስታስገቡ በዚህ ሶሻል ቀድሞ ገብቷል ተብሎ ከተመለሰ በወረቀት አስገቡና ፎርም 14039 (የማንነት ስርቆት መግለጫ ቅጽ) አያይዙ። አይ አር ኤስ (የፌደራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት) ማንነታችሁን እንድታረጋግጡ ደብዳቤ ልኮላችሁ ከሆነ ግን ፎርሙን ትታችሁ ደብዳቤው የሚለውን ፈጽሙ። ከ2021 ጀምሮ ማንነቱን ማረጋገጥ የሚችል ማንኛውም ታክስ ከፋይ በየዓመቱ የሚቀየር ባለ ስድስት አሃዝ የማንነት መከላከያ ቁጥር ማግኘት ይችላል፤ ለልጆችም ይሰጣል። ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ፋይል ወላጅ የልደት ካርድ፣ የሶሻል ካርድና የራሱን መታወቂያ ኮፒ ልኮ በነፃ ማዘጋት ይችላል። የሕፃን ሶሻል ለሌባ የሚመቸው ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው ማንም ስለማያየው ነው።

በመጨረሻ ዝግጅት ክፍሉን አንድ ነገር እንለምናለን። «ክሬዲት እናጸዳለን»፣ «አዲስ የክሬዲት ቁጥር እንሰጣለን» የሚሉ ማስታወቂያዎች በአማርኛ ጋዜጦች ገጽ ይወጣሉ። ሲ ፒ ኤን ተብሎ የሚሸጠው ባለ ዘጠኝ አሃዝ ቁጥር ሕጋዊ ነገር አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው፣ አንዳንዴም የሕፃን ሶሻል ነው፣ በእሱ ብድር የጠየቀም ሰው በወንጀል ይጠየቃል። እውነተኛ ዕዳን ሁሉ ስርቆት ነው ብለው የሚያመለክቱትም በእውነት የተሰረቀውን ሰው ወረቀት በጥርጣሬ እንዲታይ እያደረጉት ነው። በ1996 በወጣው የፌደራል ሕግ መሠረት ክሬዲት አስተካካይ ድርጅት ሥራውን ሳይጨርስ ገንዘብ መቀበል አይችልም፣ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ የሚሰረዝ የጽሑፍ ውል የመስጠት ግዴታም አለበት። ማስታወቂያ ይዞ የሚመጣውን ሁሉ ክፍያ በቅድሚያ ይቀበል እንደሆነ፣ ውሉን እንዲያሳያችሁና አዲስ ቁጥር ይሸጥ እንደሆነ ጠይቁት፤ ቅድሚያ የሚቀበለውን፣ ውል የሌለውንና ቁጥር የሚሸጠውን አታውጡለት።

ከአክብሮት ጋር
በታክስና በክሬዲት ጉዳይ ማኅበረሰቡን የምናግዝ ባለሙያዎች
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ