ለአባዬ፣ ስለ ካርቶኑ ጀርባ

ውድ አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ ተሻለህ? ባለፈው በስልክ የጠየቅከኝ ነገር ሲከነክነኝ ሰነበተ። «ለመሆኑ ይሄን ቁርጥራጭ እየለጠፉ ሥዕል መሥራት ከማን ነው የተማርሽው?» አልከኝ። መስመሩ ይቆራረጥ ስለነበር «ከትምህርት ቤት ነዋ» ብዬ አለፍኩት። ልክ አልነበረም። አሁን ቁጭ ብዬ ልመልስልህ።

ሰው ሲጠይቀኝ የምጠራቸው ስሞች አሉ። ከርት ሽቪተርስ የሚባል ጀርመናዊ አለ፤ የተጣለ ትኬትና ብጥስጣሽ ወረቀት እየለቀመ ሥዕል ይሠራ የነበረ። አሜሪካዊቷ ቤቲ ሳር አለች። ልጅ ሳለች አያቷ ዘንድ ስትሄድ፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሳይመን ሮዲያ የሚባል ሠራተኛ ከብረትና ከሲሚንቶ ማማዎች ሲያቆም ታይ ነበር። ሰባራ ሳህን፣ የጠርሙስ ስባሪ፣ ዛጎል፣ ያገኘውን ሁሉ ይለጥፍባቸዋል። ከ1921 እስከ 1954 እ.ኤ.አ. ለብቻው ሠራቸው፤ ረጅሙ 30 ሜትር ገደማ ነው። እነዚያ ማማዎች ከዓይኗ አልጠፉም። አድጋ አሮጌ ሳጥንና የሞቱ ዘመዶቿን ዕቃ ወደ ሥራዋ ስታመጣ ሥሩ እዚያ ነው።

ግን በተለይ ልነግርህ የምፈልገው ስለ ዦርዥ ብራክ ነው። ፈረንሳዊ ሠዓሊ ነበር። አባቱም አያቱም የቤት ቀለም ቀቢዎች ነበሩ፤ እሱም መጀመሪያ የተማረው ያንኑ ሙያ ነው። ቀለሙ ሳይደርቅ ማበጠሪያ የመሰለ መሣሪያ ይጎትቱበትና ተራውን ግድግዳ እንጨት ያስመስሉታል። በ1912 እ.ኤ.አ. የእንጨት መልክ የታተመበት የግድግዳ ወረቀት ሱቅ ውስጥ አየ። ገዛው፣ ቆረጠው፣ በከሰል በሣለው ሥዕል ላይ ለጠፈው። በዚያው ዓመት ጓደኛው ፒካሶ የወንበር ሽመና የታተመበት የጠረጴዛ ልባስ ሥዕሉ ላይ ለጥፎ፣ ዙሪያውን በገመድ ከበበው። ዛሬ ሚክስድ ሚዲያ የምንለው ነገር፣ ማለትም የተለያዩ ቁሳቁሶችን በአንድ ሥዕል ላይ ማገናኘት፣ ታሪኩ ሲነገር ከእነዚህ ሁለቱ መጀመሩ የተለመደ ነው። እኔን ግን የያዘኝ አንድ ነገር ነው፦ ብራክ የአባቱን ሙያ ይዞት ገባ። ይህን ሳነብ ፊቴ ላይ ድቅን ያልከው አንተ፣ መጽሐፍ ጠራዡ አባቴ ነህ።

ጋዜጣ እንድቀድ ያደረግከኝን ታስታውሳለህ? ስድስት ወይ ሰባት ዓመቴ ነው። ከላይ ወደ ታች ስቀደው ቀጥ ብሎ ወረደልኝ። ወደ ጎን ስቀደው እየተንሻፈፈ እምቢ አለኝ። «አየሽ፣ ወረቀት ጅማት አለው» አልከኝ። «ከጅማቱ ጋር አትጣዪ።» ከዚያ መጽሐፍ ስትጠርዝ የወረቀቱ ጅማት ሁልጊዜ ከጀርባው ጋር እኩል መቆም እንዳለበት፣ ካልሆነ መጽሐፉ አልከፈት ብሎ እንደሚያስቸግር አሳየኸኝ።

የመጀመሪያው ትልቁ ሥራዬ ኤግዚቢሽኑ ሦስት ቀን ሲቀረው ጎበጠ። ካርቶኑ ላይ አሥራ ምናምን ንብርብር ወረቀት ለጥፌበታለሁ፤ ሙጫው ሲደርቅ ወረቀቱ ተሰብስቦ ካርቶኑን ወደ ራሱ ሳበው። ክብደት ጫንኩበት፣ አልሆነም። ሌሊት ላይ አንተ የመጽሐፍ ሽፋን ገልብጠህ፣ ማንም የማያየው ውስጡ ላይ ወረቀት ስትለጥፍ ታየኝ። «በአንድ በኩል ከጎተትሽው በሌላውም ጎትቺው» ትል ነበር። ተነሥቼ ጀርባውም ላይ ወረቀት ለጠፍኩ። ጠዋት ቀጥ ብሎ ጠበቀኝ። ኤግዚቢሽኑ ላይ ሰዎች ፊት ለፊቱን አይተው ሄዱ። ጀርባው ግን ያንተ ነው።

ያን ቀን መጥተህ ለረጅም ጊዜ ቆመህ አየኸውና «ጠርዙን አልጨረስሽውም» አልክ። ቅር ብሎኝ ነበር አባዬ። ዛሬ ላይ ሳስበው ገባኝ። አንተ ዕድሜህን ሙሉ መጋጠሚያው እንዳይታይ ስትደክም ኖረሃል፤ ጥሩ ጥራዝ ሙጫው አይታይም። እኔ ደግሞ የተቀደደውን ጠርዝ የምተወው ሆን ብዬ ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ነገሮች እዚህ ጋ እንደተገናኙ ዓይን እንዲያየው እፈልጋለሁ። ያኔ ይህን ልነግርህ ይገባኝ ነበር፤ አኩርፌ ዝም አልኩ።

አሁን እጅህ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ መጠረዙን እንደተውክ አውቃለሁ። ጠረጴዛው ሥር ያለውን የቁርጥራጭ ሳጥን ግን አደራ፣ ማንም እንዳይጥለው። የሽፋን ጨርቁን፣ የተረፈውን ቆዳ፣ ያን የቀላ የልባስ ወረቀት እፈልገዋለሁ።

ሌላም አለ። የዱቄት ሙጫ ስሠራ እስካሁን እንዳንተ አይሆንልኝም፤ ወይ ይወፍራል ወይ ይጓጉላል። ያንተ ከብሩሹ ላይ ሳይንጠባጠብ ቀስ ብሎ ይወርድ ነበር። መለኪያውን ንገረኝ እንዳልልህ፣ ስትለካ አይቼህ አላውቅም። በሚቀጥለው ወር ስመጣ አብረን እንበጥብጥ። አንተ ወንበርህ ላይ ተቀመጥ፤ እኔ ላማስል፣ አንተ «በቃ» በለኝ።

የምትወድህ ልጅህ